ወንበሩ አለ፣ ገንዘቡ አልቋል፦ ለአሜሪካ ኮሌጅ ዘግይቶ ለሚያመለክት ተማሪ የአማራጮች ንጽጽር

የአክስቴ ልጅ ሰኔ ውስጥ ደወለችልኝ። 12ኛ ክፍልን ልትጨርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። ውጤቷ መካከለኛ ነው፤ ሒሳብና ፊዚክስ አልሆነላትም። አባቷ ጡረተኛ ነው፣ እናቷ የሰፈር ሱቅ አላት። "ለአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከት ፈልጌ ነበር፤ ረፈደብኝ እንዴ?" አለችኝ።

"ለመግባት አልረፈደብሽም። ለገንዘቡ ግን ረፍዷል" አልኳት። ዝም አለች። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ቀን በስልክ በደንብ ላስረዳት ስላልቻልኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ትምህርት የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። የቀደመው ዙር ማመልከቻ ብዙ ቦታ የሚዘጋው ኖቬምበር 1፣ በእኛ ጥቅምት 22 ገደማ ነው። ዋናው ዙር ደግሞ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ገና ሊደርስ ሲል ያበቃል። መልስ እስከ መጋቢት ይወጣል፣ ተማሪውም እስከ ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ውሳኔውን ያሳውቃል። ኮሌጁ ለውጭ አገር ተማሪ የመደበው እርዳታ የሚከፋፈለው በዚህ ዙር ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ባዶ ወንበር ነው። ወንበሩን ደግሞ ኮሌጁ የሚፈልገው በሚከፍል ሰው ሊሞላው ነው። ፋፍሳ በሚባለው ፎርም የሚጠየቀው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እርዳታ በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ሰው አይሰጥም።

የእኛ ልጅ ደግሞ ሰንፎ ብቻ አይደለም የሚዘገየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። ውጤቱ መስከረም አካባቢ ሲወጣ አሜሪካ ትምህርት ተጀምሯል። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪው ሬሚዲያል፣ የግል ኮሌጅ ወይም "ውጭ ቢሳካልኝስ?" የሚል ሐሳብ ይዞ ነው አዲሱን ዓመት የሚቀበለው።

(በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ የእናንተ አይደለም። የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ ፋፍሳም መሙላት ትችላላችሁ።)

በምን እንመዝን?

የኮሌጅ ስም ከመጥራታችን በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ። እኔ አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው፦ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ማን ይሸፍናል? አይ-20 የሚባለው ሰነድ ካልመጣ ኤምባሲ መሄድ አይቻልም። ኮሌጁ ደግሞ አይ-20 የሚሰጠው የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለ በባንክ ማስረጃ ሲያይ ነው። ሁለተኛው፦ ትምህርቱ እስኪጀምር ለቪዛ ቀጠሮ የሚበቃ ጊዜ አለ? ሦስተኛው፦ ደካማ ውጤት ይቀበላሉ? አራተኛው፦ የሁለተኛው፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ዓመትስ? አምስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ይህን መንገድ ከያዝኩ "አዲስ ገቢ" የሚለውን ማዕረጌን አጣለሁ?

አምስተኛውን ላብራራ። ለውጭ ተማሪ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚሰጡ ኮሌጆች በአብዛኛው የሚሰጡት ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ለሚመጣ አዲስ ገቢ ነው። አንድ ሴሚስተር ሌላ ኮሌጅ ከተማራችሁ ብዙ ቦታ "ትራንስፈር" ትባላላችሁ። ለውጭ አገር ትራንስፈር ተማሪ ያለው እርዳታ ጠባብ ነው። "ዝም ብዬ ከምቀመጥ እዚሁ የግል ኮሌጅ ልጀምር" የሚል ልጅ ሳያውቀው በር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትፈልጉትን ኮሌጅ በኢሜይል ጠይቁ።

አንደኛ፦ እስከ በጋቸው (በእኛ ክረምት) ድረስ የሚቀበሉ የአራት ዓመት ኮሌጆች

ቀነ ገደብ ሳያስቀምጡ ማመልከቻው በደረሳቸው ቁጥር መልስ የሚሰጡ ብዙ ኮሌጆች አሉ። አሠራሩ ሮሊንግ ይባላል። ናካክ የተባለው የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ማኅበርም በየዓመቱ ሜይ ላይ ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር በነጻ ያወጣል። ዘግይቶ ለሚያመለክት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ ለአንዱ አመለከተች። በዘጠኝ ቀን "እንኳን ደስ አለሽ" የሚል ደብዳቤ መጣ። የ8,000 ዶላር ስኮላርሺፕም አብሮ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ እናቷ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ከሦስት ቀን በኋላ ለአይ-20 የሚያስፈልገው ዝርዝር መጣ። ከስኮላርሺፑ በኋላ የሚቀረው 29,000 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። ኮሌጁ ውሸት አልነገራትም። እኛ ነን የተሰጣትን ቁጥር አይተን የቀረውን ያላየነው።

ዋጋውን እንወቀው። በ2024–25 (እ.ኤ.አ.) የግል ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ በአማካይ 43,350 ዶላር ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ግዛት ለመጣ ሰው 30,780 ዶላር ያስከፍሉ ነበር፤ የውጭ ተማሪም በአብዛኛው በዚህ ተመን ነው የሚከፍለው። ቤትና ምግብ አልገቡበትም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ወደ ብር መቀየር ራስ ያዞራል። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚሆነው በዶላር የሚከፍል ስፖንሰር ላለው፣ ሰዓቱ ብቻ ለረፈደበት ልጅ ነው።

ሁለተኛ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ለደካማ ውጤት ከሁሉም ሰፊው በር ይህ ነው። ሁለት ዓመት ተምራችሁ አሶሼት ዲግሪ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራላችሁ። አብዛኞቹ የመግቢያ ውድድር የላቸውም። ኤስኤቲ የተባለውን የመግቢያ ፈተና አይጠይቁም። እንግሊዝኛው ያላማረለትን መጀመሪያ የቋንቋ ኮርስ ያስወስዱታል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከ16 ዓመት ጀምረው የሚቀበሉና ሁለተኛ ደረጃውን ከኮሌጁ ጋር አብረው የሚያስጨርሱ ኮሌጆች አሉ። ትምህርታቸው በሩብ ዓመት የተከፋፈለ ነው፤ በመስከረም፣ በጃንዋሪና በመጋቢት ገደማ መጀመር ይቻላል። ውጤቱን መስከረም ላይ ላየ የእኛ ልጅ ይህ ካላንደር እንደ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያለው ደግሞ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን፣ በቨርጂኒያ ኖቫን (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን) ያውቃል። ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማባቸው ኮሌጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንዱ "አክስቴ ሜሪላንድ ስለምትኖር የነዋሪ ዋጋ እከፍላለሁ" የሚለው ነው። አይሆንም። ነዋሪዋ አክስታችሁ ናት፤ እናንተ በተማሪ ቪዛ የገባችሁ እንግዳ ናችሁ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋጋ በ2024–25 (እ.ኤ.አ.) ለአካባቢው ነዋሪ በአማካይ 4,050 ዶላር ነበር ሲባል ለእናንተ የሁለትና የሦስት እጥፍ ሊሆን እንደሚችል እወቁ። የአክስት ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ማደሪያና ምግብ በነጻ እንደምትሰጥ ፈርማ ከላከች ብዙ ኮሌጆች አይ-20 ላይ የሚጠየቀውን ገንዘብ ይቀንሳሉ። ይህ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ነው። የምትፈርመው ግን በእርግጥ ልታኖራችሁ ነው ወይ? ሄደው በሦስተኛው ወር ክፍል ኪራይ የፈለጉ ልጆች አውቃለሁ።

ሁለተኛው ስህተት የቀሪዎቹን ሁለት ዓመታት ሒሳብ መርሳት ነው። ካሊፎርኒያን እንይ። እዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የተቀመጠውን ነጥብ ላመጣ ተማሪ፣ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፣ ከዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች ስድስቱ ዋስትና ያለው ዝውውር ይሰጣሉ። ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ ናቸው። 12ኛ ክፍል ላይ የተንገዳገደ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው ግን ለውጭ ተማሪ ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ45,000 ዶላር በላይ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወጪውን ያስተላልፈዋል እንጂ አያጠፋውም። ጎበዝ ሆኖ ፋይ ቴታ ካፓ የሚባለው የክብር ማኅበር አባል የሆነ ተማሪ ለትራንስፈር ስኮላርሺፕ መወዳደር ይችላል። ግን ይህን እንደ ዕድል እንጂ እንደ በጀት አትያዙት።

ሦስተኛና አራተኛ፦ የጃንዋሪ መግቢያና ፓዝዌይ

ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጃንዋሪም ተማሪ ይቀበላሉ። ማመልከቻው በብዛት የሚዘጋው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጊዜ ይገዛል፤ ለቪዛም ያመቻል። ስኮላርሺፑ ግን ከነሐሴው ገቢ ያነሰ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ከናካቴው የለም።

ፓዝዌይ ማለት ቋንቋና የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ አጣምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያስገባ ፕሮግራም ነው። ለደካማ ውጤት ክፍት ነው፤ ዋጋው ግን የዩኒቨርሲቲውን ያህል ሊደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ኤጀንት ይህን አጥብቆ ከመከራችሁ ኮሚሽን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ጥያቄው ነውር አይደለም።

አምስተኛ፦ አንድ ዓመት መጠበቅ

ቤተሰብ የማይወደው፣ እኔ ግን ገንዘብ ለሌለው፣ ውጤቱ ግን ደህና ለሆነ ልጅ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። "ልጄ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣ ጎረቤት ምን ይላል?" ትላለች እናት። እውነቷን ነው፤ ከባድ ነው። ግን ሒሳቡን እንየው። ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ኮሌጆች በራቸው የሚከፈተው በቀደመውና በዋናው ዙር ብቻ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከገባ የሚጎድለውን ይሞላሉ። ለመካከለኛ ውጤት ግን እነዚህ ሩቅ ናቸው፤ በዚህ ልቀልድባችሁ አልፈልግም። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪው የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ሁሉም ተማሪ ካምፓስ ውስጥ ይሠራል። የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ ዝቅ ብለው ከፊል ወይም ሰፊ እርዳታ የሚሰጡ ትንንሽ ኮሌጆችም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ለደረሰ ነው።

ዓመቱ ግን ሥራ ይፈልጋል። ብዙ ኮሌጆች የሚጋሩት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 (ሐምሌ 25) አዲስ ዙር ይከፍታል። እስከ 20 ኮሌጅ ማስገባት ይቻላል፤ ክፍያው ለከበደው ነጻ ማስደረጊያ አለ። ለእርዳታ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው የቤተሰብ ገቢ መግለጫ ወይም የኮሌጁ የራሱ ፎርም ይሞላል። እንግሊዝኛውን በዱኦሊንጎ ፈተና ማሳየት ብዙ ቦታ ይበቃል። ከቤት ይሰጣል፣ ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል፣ ዋጋው ከመቶ ዶላር በታች ነው። መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ እንጂ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ትራንስክሪፕትና የምክር ደብዳቤ ነው። እኛ ጋ የኮሌጅ አማካሪ ያለው ትምህርት ቤት ስንት ነው? ስለዚህ ኮመን አፕ ላይ የአማካሪውን ቦታ የሚሞላው ርዕሰ መምህሩ ይሆናል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ መምህሩ አገር ቤት ሄዷል፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ዘግይቶ የሚያመለክት ልጅ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ስድስተኛና ሰባተኛ፦ ሳይሄዱ መማር፣ ቆይቶ መሄድ

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ የአሜሪካ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ነው። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ለማመልከቻና ለየኮርሱ ምዘና ይከፈላል። ቪዛ አያስገኝም። ሥራ እየሠራ ለሚማር ግን ከብዙ ውድ ሕልም ይሻላል።

ሌላው ማንም የማያወራለት መንገድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪን እዚሁ ጨርሶ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ማመልከት። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ገንዘብ የሚሰጠው ጥቂቱ ነው። በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ግን ክፍያውን ነጻ አድርጎ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነው፤ ተማሪው በምላሹ ያስተምራል ወይም በምርምር ያግዛል። ለዚህ የሚታየው 12ኛ ክፍል ያመጣችሁት ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ነጥባችሁ ነው። 12ኛ ላይ ለተሰናከለ ድሃ ልጅ ከዚህ የተሻለ ሁለተኛ ዕድል የለም ብዬ አምናለሁ። አራትና አምስት ዓመት መታገሥ ነው ችግሩ።

| አማራጭ | ለዘገየ ይሆናል? | ደካማ ውጤት | እርዳታ | አዲስ ገቢነትን ያሳጣል? |
|---|---|---|---|---|
| ሮሊንግ የአራት ዓመት ኮሌጅ | አዎ፣ እስከ በጋቸው | መካከለኛ ይበቃል | ትንሽ | አዎ |
| ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ | አዎ፣ ዓመቱን ሙሉ | ክፍት ነው | የለም ማለት ይቻላል | አዎ |
| የጃንዋሪ መግቢያ | እስከ ኅዳር ገደማ | እንደ ኮሌጁ | በጣም ትንሽ | አዎ |
| ፓዝዌይ | አዎ | ክፍት ነው | ትንሽ | አዎ |
| አንድ ዓመት መጠበቅ | አያስፈልገውም | ለማሻሻል ጊዜ አለ | ሰፊው ዕድል | አያሳጣም |
| ኦንላይን | አዎ | ክፍት ነው | ዋጋው ዝቅተኛ | ብዙ ቦታ አዎ |
| እዚሁ ዲግሪ፣ ከዚያ ፒኤችዲ | አይመለከተውም | 12ኛ አይታይም | ብዙ ጊዜ ሙሉ | አይመለከተውም |

እንደ አቅማችሁ

በዓመት 30,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለአራት ዓመት የሚከፍል ሰው ካላችሁ ሮሊንግ ኮሌጅ ይሁን። የናካክን ዝርዝር ክፈቱ፤ ዛሬ ጀምሩ።

ማደሪያ የሚሰጥ የቅርብ ዘመድና ለሁለት ዓመት የሚበቃ ገንዘብ ካለ፣ ውጤታችሁም ደካማ ከሆነ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሦስተኛው ዓመት ከስፖንሰሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የሐበሻ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይጠቅምም።

ገንዘብ ከሌለና ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ጠብቁ። ገንዘብም ውጤትም ከሌለ ጥበቃው ብቻውን ብዙም አይለውጥም፤ እዚሁ ተማሩ፣ ሰባተኛውን ረድፍ ደግማችሁ እዩት።

"ሄጄ እየሠራሁ እከፍላለሁ" የሚለውን እቅድ ግን ከወዲሁ ጣሉት። በተማሪ ቪዛ ትምህርት እያለ መሥራት የሚቻለው ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ይህ ለኪስ ይሆናል፣ ለኮሌጅ ክፍያ አይበቃም። ውጭ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ቪዛውን ያበላሻል። ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንም ግዴታ ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት። "ገንዘብ ሲያጥረኝ ሁለት ኮርስ ብቻ እወስዳለሁ" ማለት አይቻልም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ይከፈላል፤ ቪዛው ቢከለከል ሁለቱም አይመለሱም። ክፍያና ሕግ ስለሚለዋወጥ በዚያው ሳምንት የኤምባሲውን ገጽ እዩ። ትምህርት ከመጀመሩ ከ30 ቀን በፊት አሜሪካ መግባት አይፈቀድም። ቀጠሮው ካልደረሰላችሁ ኮሌጁ መግቢያችሁን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲያዛውር ጠይቁ። ብዙዎቹ ያደርጉታል።

ኮሌጁ የውጭ ተማሪ እንዲቀበል የተፈቀደለት መሆኑን በአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ላይ አረጋግጡ፤ እውቅናውን ለብቻ ፈትሹ። ሚሺጋን ውስጥ ፋርሚንግተን ዩኒቨርሲቲ የተባለ ነበር፤ መንግሥት ራሱ ለማጥመጃ የከፈተው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሲጋለጥ የተመዘገቡት መቶዎች ነበሩ።

"የባንክ ደብተር እናስተካክላለን" የሚል ሰው ቢሮ ከገባችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። በሐሰተኛ ሰነድ የተያዘ ሰው ዕድሜ ልኩን አሜሪካ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል። ምክር ከፈለጋችሁ የአሜሪካ መንግሥት ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነጻ ያማክራል።

የአክስቴ ልጅ ለዚያ ኮሌጅ ማስያዣውን አልከፈለችም። አባቷ ከሦስት ቀን ኩርፊያ በኋላ እሺ አለ። ሐምሌ 25 ሌሊት ኮመን አፕ ላይ ስሟን ጻፈች። አሁን የምትጠብቀው ርዕሰ መምህሩን ነው፤ ጎጃም ቤተሰቦቹ ጋ ነው፣ ኔትወርክ የሚያገኘው ገበያ ሲወጣ ብቻ ነው።